ውሃው ጠርቷል፣ ዓሣው ግን ሞቷል

ከሀይሌ ጋርመንት ተነስታችሁ ወደ ለቡ ወይም ወደ ጀሞ ብታዘግሙ፣ አዳዲስ ካፌዎችና የእንግዳ ማረፊያዎች ግቢ ውስጥ አንድ ነገር እየተለመደ መምጣቱን ታያላችሁ። ሰማያዊ ሴራሚክ የለበሰ ኩሬ፣ ከድንጋይ ላይ የምትንጠባጠብ ሚጢጢ ፏፏቴ፣ ውስጡ ደግሞ ብርቱካንማና ነጭ ዓሦች። ማኪያቶ ይዞ ለመቀመጥ ደስ ይላል፤ ለፎቶም ይመቻል። ውጭ የአትክልት ጭነት መኪናው ክላክስ እያንባረቀ፣ ረዳቱ እየተጣራ፣ እናንተ ዓሣ ታያላችሁ። በዚህ ከተማ ይኼም ትንሽ ነገር አይደለም።

ችግሩ ዓሦቹ አይከርሙም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስትመለሱ ኩሬው ወይ ባዶ ነው፣ ወይ አዲስ ዓሣ ገብቶበታል። ‹‹ጋሼ፣ የድሮዎቹ የት ሄዱ?›› ብላችሁ ባለቤቱን ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ ይታወቃል፤ ‹‹አየሩ አልተስማማቸውም››፣ ‹‹ዓይን በላቸው››፣ ‹‹ነጋዴው የታመመ ነው የሸጠልን››። ቀጥሎም በኩራት፣ ‹‹እኛ እኮ በየሳምንቱ ውሃውን ደፍተን፣ በበረኪና ፈትገን፣ ሙልጭ አድርገን ነው የምናጥበው!›› ይሏችኋል።

የዛሬው ወሬያችን እዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ዓሦቹን የፈጃቸው በአብዛኛው ያ ‹‹ሙልጭ›› የተባለው ነገር ነው። እኛ ንጹህ ውሃ ማለት በዓይን ጥርት ብሎ የሚታይ ውሃ ይመስለናል። ዓሣ ግን ውሃን የሚለካው በዓይኑ አይደለም። ስለዚህ የኛ አቋም አጭር ነው፤ ማጣሪያውን ያላሰበ ሰው ኩሬውን አይቆፍር። ይኼ ደግሞ ለካፌ ባለቤት ብቻ የሚነገር ምክር አይደለም፤ ለከተማውም ይሠራል። እሱን ወደ መጨረሻው እናመጣዋለን።

ለመሆኑ ኮይ ማን ነው?

ኮይ ከሩቅ አገር የመጣ ጉድ ይመስላል እንጂ ዘሩ ካርፕ ነው። ጃፓን ውስጥ ኒጋታ በሚባለው ተራራማ አካባቢ ያሉ ሩዝ ገበሬዎች ለምግብ ካርፕ ያረቡ ነበር። ከመካከሉ አልፎ አልፎ ቀይና ነጭ ሆኖ የሚወጣውን እየመረጡ በማዳቀል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዛሬ የምናየውን ባለቀለም ዓሣ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1914 ቶኪዮ ላይ በተካሄደ ኤግዚቢሽን ከታየ በኋላ ስሙ ከመንደሩ አልፎ ወጣ።

ካርፕ ለእኛም ባዳ አይደለም። በጣሊያን ዘመን ገደማ ከጣሊያን መጥቶ፣ ከኛ በስተደቡብ የአቃቂ ወንዞች ከሚጠራቀሙበት ከአባ ሳሙኤል ግድብ ገብቷል። በጀሞ በኩል ወጥታችሁ ዓለም ገናን ካለፋችሁ በኋላ የምታገኟት ሰበታም የዓሣ ምርምር ማዕከል አላት፤ ቆሮሶና ካርፕ በኩሬ ሲረባ ማየት የፈለገ ሰው ጃፓን መሄድ አይጠበቅበትም።

ይኼን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ካርፕ ከዓሦች መካከል ቻይ ከሚባሉት ነው። ድፍርስ ውሃ ይችላል፣ ብርድ ይችላል። ስለዚህ ካርፕ በየወሩ የሚሞትበት ኩሬ ካለ ጥፋቱን ዓሣው ላይ ማላከክ ያስቸግራል።

እርሾውን ማን ደፋው?

ዓሣ የሚኖርበት ውሃ ሳሎኑም፣ ማዕድ ቤቱም፣ ይቅርታ አድርጉልንና ሽንት ቤቱም ነው። የበላው ምግብ ሰውነቱ ውስጥ ሲቃጠል አሞኒያ ይሆንና በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል ወደ ውሃው ይወጣል። ደንበኛ እየሳቀ የሚወረውረው ዳቦና ፈንዲሻም ታች ወርዶ ሲበሰብስ ያው አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ቀለም የለውም። ውሃው እንደ መስታወት ጠርቶ፣ የወለሉ ሴራሚክ ቁልጭ ብሎ እየታየ፣ ዓሣው ስንጥቡ ሊቃጠል ይችላል።

ታዲያ ይኼን መርዝ የሚያነሳው ማነው? ባክቴሪያ ነው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል። ናይትሬት በመጠኑ ብዙም አይጎዳም፤ ተክል ይመገበዋል፣ ቀሪው ውሃ ሲቀየር ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው ሳይሆን ድንጋይ፣ ስፖንጅ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ነው የሚኖሩት። ያ በእጅ ሲነካ ሙልጭልጭ የሚለው ነገር የእነሱ ቤት ነው።

ነገሩን ለመረዳት ጃፓን ሳይሆን ጓዳ መግባት ይበቃል። ሊጥ የምታቦካ እናት በየጊዜው ከሊጡ እርሾ ታስቀራለች። ቡሃቃዋን በበረኪና ፈትጋ ‹‹ዛሬ ገና ንጹህ ሆነ!›› አትልም። ብትል ሊጡ አይቦካላትም፤ ጎረቤት ሄዳ ‹‹እርሾ ስጡኝ›› ማለት ግድ ይሆንባታል። የኩሬ ማጣሪያም እርሾ ያለበት ቡሃቃ ነው። በየሳምንቱ በበረኪና የሚፈትገው ሰው እርሾውን ደፍቶ ሊጡ ለምን አልቦካም የሚል ሰው ነው።

ምሳሌው እዚህ ላይ አያበቃም። አዲስ ኩሬ ባክቴሪያው እስኪሰፍርበት ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ዓሣ መሙላት ማለት ያልቦካ ሊጥ ምጣድ ላይ ማዞር ነው። አንድ ሁለት ዓሣ ብቻ አስገብቶ፣ ምግብ ቆጥቦ መጠበቅ ያሻል። ጤነኛ ኩሬ ካለው ወዳጅ የቆየ ስፖንጅ ወይም ጠጠር ተውሶ ማጣሪያው ውስጥ መጨመር ደግሞ ጊዜውን ያሳጥራል። እርሾ መዋዋስ ማለት ይኼ ነው።

ማጣሪያው እንዲህ ነው

ማጣሪያ ሲባል ብዙ ሰው አንድ ወንፊት ይመስለዋል። ሁለት ሥራ ነው ያለው። መጀመሪያ ቆሻሻ የሚይዝ ክፍል አለ፤ ኩስ፣ ቅጠል፣ የተረፈ ምግብ የሚቀርበት ብሩሽ ወይም ስፖንጅ። እሱ ቶሎ ቶሎ ይታጠባል። ቀጥሎ ባክቴሪያው የሚሰፍርበት ክፍል አለ፤ ብዙ ቀዳዳ ያለው፣ ውሃ እንደ ልብ የሚያልፍበት ነገር የሞላበት። እሱ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ፣ ያውም ከኩሬው በተቀዳ ውሃ ለቅለቅ ይደረጋል እንጂ በቧንቧ ውሃ አይነካም።

ለሁለተኛው ክፍል ከውጭ የሚመጣ ውድ ፕላስቲክ አያስፈልግም። ግንባታ ቦታ ሁሉ የምናየው ሬድ አሽ፣ ያ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ሥራውን ይሠራል። አቧራው እስኪለቅ በደንብ ታጥቦ በበርሜል ይሞላል፤ ከፊቱ ቆሻሻ መያዣው ክፍል ካለ አይደፈንም። ዳር ላይ ደንገልና ቄጠማ ቢተከል ናይትሬቱን ይመገባሉ። እንቦጭ ግን በሞቴ! ‹‹ውሃ ያጠራል›› የሚል ምክር ከውጭ አገር መጻሕፍት አንብቦ እንቦጭ ለመትከል የሚያስብ ካለ ጣናን ይጠይቅ።

መጠኑንም እንናገር። 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ኩሬ 6,000 ሊትር ይይዛል። ኮይ ስትገዙት ጣት ያክላል፤ ካደገ ግን ከግማሽ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ የተለመደው ስሌት ለአንድ ዓሣ 1,000 ሊትር ነው። ስድስት ዓሣ ማለት ነው፤ ሠላሳ አይደለም። ፓምፑም በሁለት ሰዓት ውስጥ ኩሬውን ሙሉ አንድ ጊዜ የሚያዞር፣ ማለትም በሰዓት 3,000 ሊትር ቢያንስ የሚገፋ ይሁን። ማታ ‹‹መብራት ይቆጥባል›› ተብሎ አይጠፋም። ምክንያቱን ቀጥለን እንንገራችሁ።

መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ጠለል ላይ ነው

የኮይ አያያዝ መመሪያዎች አብዛኞቹ የተጻፉት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ለሚኖሩ ሰዎች ነው። እኛ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል። 20 ዲግሪ የሚሞቅ ውሃ ባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እኛ ዘንድ 7 ሚሊግራም ገደማ ቢይዝ ነው። ኮይ ከ6 በታች ባይወርድበት ይመረጣል። ስለዚህ በሀይሌ ጋርመንት ኩሬ እና በጭንቀት መካከል ያለው ርቀት አንድ ሚሊግራም ነው!

ሌሊት ደግሞ ይብሳል። ቀን ቀን ኦክስጅን የሚሰጠው አልጌ ሌሊት ራሱ ኦክስጅን ይሻማል። ባክቴሪያዎቹም ሥራቸውን የሚሠሩት በኦክስጅን ነው። ዓሦች ጎህ ሲቀድ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ካያችሁ እየተራቡ አይደለም፤ አየር እያጡ ነው። ከድንጋይ ላይ የምትወርደው ፏፏቴና አረፋ የምታወጣው ትንሽ የአየር ፓምፕ እንግዲህ ለጌጥ አይደሉም፤ እዚህ ከፍታ ላይ ሳንባው ናቸው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ፒኤች የሚባለው። አልጌ የበዛበት ኩሬ ፀሐይ ሲመታው ፒኤቹ ወደ ላይ ይወጣል። 20 ዲግሪ በሆነ ውሃ ፒኤቹ 7 ሲሆን ከአሞኒያው ገዳይ ሆኖ የሚገኘው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ፒኤቹ 9 ከደረሰ ግን ከሩብ በላይ ይሆናል። ጠዋት በሰላም የዋኘ ዓሣ በዚያው ውሃ ከሰዓት በኋላ ሊጨነቅ ይችላል። ስለዚህ ውጭ አገር ደርሶ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ፣ ከሽቶ በፊት የአሞኒያ፣ የናይትራይትና የፒኤች መመርመሪያ እዘዙት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዜሮ ካልሆኑ ኩሬው ቢያምርም ታሟል።

የፈረቃ ውሃ፣ የሚጠፋ መብራት

የቧንቧ ውሃችን ክሎሪን አለው፤ ደግ ነው፣ ለኛ ጤና ነው። ለስንጥብና ለባክቴሪያ ግን መርዝ ነው። ፈረቃ ደርሶ ውሃ ስትመጣ ጎማውን በቀጥታ ኩሬው ውስጥ መክተት ስህተት ነው። አንድ ትንሽ ሮቶ ለይቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ አየር እየነፉበት አንድ ሁለት ቀን ማቆየትና ከዚያ መጨመር ይሻላል። በሳምንት ከኩሬው አንድ አሥረኛውን መቀየር ለጤነኛ ኩሬ ይበቃል።

መብራት ሲጠፋስ? በዝግ ማጣሪያ ውስጥ የቆመ ውሃ በሰዓታት ውስጥ ኦክስጅኑ ያልቃል፤ ባክቴሪያውም ይታፈናል። መብራት ሲመጣ ፓምፑ ያንን የከረፋ ውሃ መልሶ ኩሬው ውስጥ ይደፋዋል። ስለዚህ መብራቱ ረጅም ሰዓት ከቆየ፣ መጀመሪያ የሚወጣውን ውሃ ወደ አትክልት ልቀቁት። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ብትይዙ ሌሊቱን ያሻግራል። በጨለማው ሰዓት ምግብ አትስጡ። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድም ምግብ ቀንሱ፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ዓሣውም ባክቴሪያውም ሥራ ያቀዘቅዛሉ።

‹‹ሰው ውሃ አጥቶ ለዓሣ?››

ይኼን ጥያቄ የሚያነሳ አንባቢ እንዳለ እናውቃለን። ጥያቄው ትክክል ነው። ቢጫ ጀሪካን ደርድሮ ፈረቃ የሚጠብቅ ጎረቤት አጠገብ ስድስት ሺህ ሊትር ውሃ ለጌጥ ማስቀመጥ ሊያሳፍር ይገባል። ግን ሒሳቡን እንሥራ። 6,000 ሊትር ኩሬ በየሳምንቱ ተደፍቶ ከተሞላ በአራት ሳምንት 24,000 ሊትር ይፈጃል። ማጣሪያ ኖሮት በሳምንት አንድ አሥረኛው ብቻ ከተቀየረ 2,400 ሊትር ነው። ልዩነቱ 21,600 ሊትር፣ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 1,080 ጀሪካን ይሆናል። አንድ ካፌ፣ በአንድ ወር! ያውም የሚቀየረው ውሃ ናይትሬት ያለበት፣ ለጎመንና ለሰላጣ ማዳበሪያ የሆነ ውሃ ነው። ወደ ቦይ የሚደፋው ሰው ማዳበሪያ ነው የደፋው።

ማጣሪያውን የማይችል ግን አይቆፍር። ዛፍ ይትከል፤ ዛፍም ፎቶ ላይ ያምራል። ዓሣ እንደ አርቴፊሻል አበባ ሲጠወልግ የሚቀየር ዕቃ አይደለም፤ በአግባቡ የተያዘ ኮይ በአሥር ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ የሚኖር ፍጡር ነው።

ትልቁ ኩሬ

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። ትንሹ አቃቂ ንፋስ ስልክ ላፍቶን አቋርጦ ይወርዳል። ወንዝም ማጣሪያ ነበረው፤ ዳርቻው ላይ ያለው ቄጠማና ረግረግ፣ ድንጋዩ ላይ የተለጠፈው ባክቴሪያ፣ ከድንጋይ ድንጋይ ሲዘል የሚቀላቀለው አየር። ዳርቻው ተገንብቶ፣ የቤቱም የፋብሪካውም ፍሳሽ ሲገባበት፣ ማጣሪያው ከአቅሙ በላይ ሆነበት። የተረፈው ሁሉ ወርዶ አባ ሳሙኤል ላይ ይጠራቀማል። ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው ይኼ ግድብ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ሥራ ቢጀምርም፣ የአዲስ አበባ ደለልና ፍሳሽ መቀበያነቱ አልቀረለትም። ያ ከጣሊያን የመጣው የካርፕ ቤት፣ ማጣሪያ የሌለው የሁላችንም ኩሬ ሆኗል።

ነገሩ ከዓሣ ያልፋል። በ2013 ዓ.ም. የጅምላ አትክልት ገበያው ከጃንሜዳ ወደ ሀይሌ ጋርመንት ከመጣ ወዲህ ሰፈራችን የከተማው ጓዳ ሆኗል። በአቃቂ ወንዞች ውሃ ዳር ዳሩን የሚለማ ጎመንና ሰላጣ እንዳለም እናውቃለን። በዚያ ውሃ በለሙ አትክልቶች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ብረቶች ማግኘታቸውን ደጋግመው ዘግበዋል። እነዚህን ደግሞ ባክቴሪያ አይፈጫቸውም፤ ከምንጫቸው፣ ከፋብሪካው በር ላይ ካልተያዙ የትም አይያዙም።

ከተማችን የሚታይ ውሃ መውደድ ጀምራለች። ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት በ2011 ዓ.ም. ይፋ ሆኗል፤ ወዳጅነት ፓርክ ከነሐይቁ በ2012 መጨረሻ ተመርቋል፤ ፏፏቴ በየአደባባዩ ይረጫል። እኛም ወጣቶቹ ሄደን ፎቶ ተነስተናል፤ ደስም ብሎናል። የማይታየው ሥራስ? ከኛ ብዙም የማይርቀው የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጎ ተስፋፍቷል። እዚያ ውስጥ የሚደክሙት ሠራተኞች ከሬድ አሹ በርሜል ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ ባክቴሪያዎች። ጥቂት ሰው ብቻ ነው እዚያ ሄዶ ፎቶ የሚነሳው። ከመስመሩ ጋር ያልተገናኘው ቤት ፍሳሹን ወደ ወንዙ እስከለቀቀ ድረስ ግን የዳርቻው ሣርና መብራት ሰማያዊ ሴራሚክ ነው። ከላይ ያምራል፤ ታች ያለው ይታፈናል።

የምንለው ፏፏቴ ይቅር አይደለም። ለአንድ ፏፏቴ ሪባን ሲቆረጥ፣ ስንት ቤት ከፍሳሽ መስመር እንደተገናኘ፣ ስንት ፋብሪካ ፍሳሹን አጣርቶ እንደለቀቀ አብሮ ይነገረን ነው። በጀትም ሲያዝ ለሚታየው ብቻ ሳይሆን ማታ ማታ ለሚሠራው ፓምፕም ይያዝ። እናንተም በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለ ኩሬ ካፌ ከገባችሁ ዳቦውን ከመወርወራችሁ በፊት በትህትና ጠይቁ፤ ‹‹ጋሼ፣ ማጣሪያው የት ነው?›› መልስ ከሌላቸው ይኼን ጽሑፍ አሳዩአቸው። ከዚያ በስብሰባ ላይም፣ በወረዳም፣ በምርጫ ቅስቀሳም ያንኑ ጥያቄ ድገሙት።

ቸር እንሰንብት።